ታላቅ ወንድሙ ያልሰማት ፉጨት

ሠፈሩ «አያርፌ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው። ቁርሱን ቆሞ፣ ምሳውን እየተንጎራደደ የሚበላ፣ ፀጉር አስተካካዩ እንኳ «እባክህ አንገትህን አውሰኝ» ብሎ የሚለማመጠው ሰው ነው። ሥራው ደግሞ ያረጁ መኪኖችን ማዘፈን! የመኪናውን በሮች ይገላልጣል፣ ስፒከር ይተክላል፣ ከወንበር ሥር አምፕሊፋየር ይሸጉጣል። ሃያ ዓመት ሲያቃስት የኖረ መኪና ከግቢው እያንጎራጎረ ይወጣል። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። መግቢያዋን ከሰማ በቃው፤ ካቻቢቴውን ይዞ ወደሚቀጥለው በር ይዞራል።

ሙያው የጀመረው በጥፋት ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የታላቅ ወንድሙን ሬዲዮ አልጋ ላይ ዘረገፈው። ወንድሙ ያኔ ገና ጀማሪ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ አልመታውም፣ አልጮኸበትም። ከተበተነው ዕቃ ፊት አስቀመጠውና «እስክትገጥመው እዚህ ነህ» አለው። ሦስት ቀን ፈጀ። ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ሆነ። ወንድሙ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጣቢያ አዳመጠ፣ አንድ ቀንም አላማረረ።

እንግዲህ የዚያ ሰው ግራ ጆሮ ጭራሽ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቀኙም ቢሆን በግማሽ ነው፤ ከበሮና ወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ቀጫጭኑ ሁሉ ከድቶታል። ወፍ የለም፣ የስልክ ጥሪ የለም። እሱን የጎዳው ግን ጆሮው ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነው። ማዕድ ላይ ሳቅ ይፈነዳል። «ምን ተባለ?» ይላል። «ተወው፣ ምንም አይደለም» ይሉታል። ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ እሱን ትቶ ከሚስቱ ጋር ያወራል። «ምን አለ?» «ቤት እነግርሃለሁ።» እንዲህ እንዲህ እያለ ሰውየው መጠየቁን ተወ። ዘፈኑንም ተወ።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ልጃቸው ራቅ ባለ ከተማ ወልዳለች፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሊነሱ ነው፣ የምትነዳው እሷ ናት። አያርፌን በር ላይ ያዘችው።

«ስማ፣ ያን መንገድ ሁሉ እንደ ሻንጣ ጭኜው አልሄድም። ከቀኝ ጆሮው ሥር የሆነ ነገር ትከልልኝ።»

«እትዬ፣ ኦርኬስትራ ነው የምተክልልሽ።»

«ኦርኬስትራው ይቅርና ቅዳሜ ይድረስልኝ።»

አያርፌ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከአሮጌ መኪናቸው ጋር ግቢው ውስጥ ነበር። በቀኝ በኩል ባለው የፊት በር ላይ ሁለት ስፒከሮች ሽቅብ፣ ልክ ወደ ወንድሙ ጆሮ አዘንብሎ ተከለ። የስፒከሮቹን ማቀፊያ እንጨት ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ሞርዶ። ሥራው ያምር ነበር፤ ዙሪያውን እየዞረ አሥር ጊዜ አየው።

አሁን አንድ የሙያ ነገር ልናገር፣ አጭር ናት። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በአንድ ወገን፣ ድምፅ የሚያመላልሰው ቀጭኑ ሽቦ በሌላ ወገን ነው የሚያልፉት። ጎን ለጎን ከተኙ የሞተሩ ጫጫታ ወደ ድምፁ ይገባል። አያርፌ ይህን ለጎረቤት ጋራዥ ሰዎች ሳይቀር ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን የቀኙ ምንጣፍ ተገልጦ ነበር፣ የግራው ገና አልተነካም፣ እጁ ደግሞ ይበላዋል። «ለአንዴ ምን ይሆናል» አለና ሁለቱንም በቀኝ አሳለፋቸው።

ወንድሙ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ኮቱን ለብሶ ከተፍ አለ። ከስፒከሮቹ ጎን ተቀመጠ። አያርፌ ሞተሩን ሳያስነሳ አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀለት።

የሰውየውን ፊት ባያችሁት! መጀመሪያ ተኮሳተረ። ከዚያ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ተነሣች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከበሮውን አገኘችው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አያርፌ ማልቀስ እንዳይመጣበት ዞሮ በመሪው በኩል ገባና ሞተሩን አስነሳ።

ፉጨቷ ያኔ መጣች። ቀጭን፣ እንደ መርፌ። ነዳጅ ሲረግጥ ሽቅብ ትወጣለች፣ ሲለቅ ትወርዳለች። ቆሌው ተገፈፈ።

ወንድሙ ግን ጣቱን አላቆመም። አይሰማትም! አያርፌ ሰዓቱን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ሁሉንም መፍታት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እትዬ ብትሰማም የአሮጌ መኪና ጠባይ ይመስላታል። ማን ያውቃል? ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ወደ ቀኙ መስኮት ዞረ፣ እዚያም መንቆራጠጥ ጀመረ።

«ጨረስክ?» አለ ወንድሙ።

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል?»

«ተወው ጋሼ፣ ምንም አይደለም።»

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ጣቲቱ ጉልበቱ ላይ ቀጥ አለች። ወንድሙ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩም ዘፈኑም ጠፉ።

«አንተም?» አለ ቀስ ብሎ።

አያርፌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ቀኝ ጆሮው ተናገረ። «ፉጨት አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ወገን አሳለፍኳቸው።»

«ለሰው ሁሉ አታድርጉ የምትለውን?»

«እሱኑ።»

«እኔ ስለማልሰማት ልታስረክበኝ ነበር።»

«እንዳትዘገዩ ብዬ...»

«መዋሸት አታውቅበትም፣ ተወው።» ወንድሙ ወርዶ ኮቱን አወለቀና አጥሩ ላይ ሰቀለው። «ሌላ ሰው ግማሽ ይስጠኝ፣ ለምጄዋለሁ። ያንተን ግን አልወስድም። ፍታው።»

እትዬ ሻንጣ ይዛ ስትደርስ ባሏ ተንበርክኮ ምንጣፍ ይጎትታል፣ አያርፌ ሽቦ ላይ ተጋድሟል።

«ለጉዞ ነው የለበስከው ወይስ ለጋራዥ?» አለች።

«ፉጨት አለው» አላት ባሏ፣ ራሱ የሰማት ይመስል ደረቱን ነፍቶ። «እሱን ሳናወጣ አንሄድም። ለልጅቷ ደውለሽ እንደምንዘገይ ንገሪያት።»

ሁለት ሰዓት አብረው ሠሩ። ወንድሙ ወሬ አላቋረጠም፤ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ጥያቄ ነበረው።

«ምን ትመስላለች?»

«ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል።»

«ነዳጅ ሲሰጠውስ?»

«ሽቅብ ነው። አንተ እኛን ስታስተምር ሰሌዳ ላይ ተራራ ስትሥል ጠመኔህ የሚጮኸውን ያህል።»

«ጠመኔዬ ይጮህ ነበር?»

«ክፍሉ በሙሉ ጥርሱን ነበር የሚያፋጨው።»

«ማንም አልነገረኝም» አለና ከልቡ ሳቀ።

ቀጭኑ ሽቦ በግራ ገባ። ምንጣፉ ተመለሰ። እትዬ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ነዳጁን ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ደግማ ረገጠች። አያርፌ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አዳመጠ። ወንድሙ የሚያየው መኪናውን አልነበረም፤ የአያርፌን ፊት ነው።

«ጠፋች» አለው አያርፌ።

«ሁሉንም ንገረኝ።»

አያርፌ በጣቱ ወደ ኋላ ጠቆመ። «ከኋላው በር ውስጥ አንድ ብሎን ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። ለማጥበቅ በሩን ሙሉ መፍታት አለብኝ። ካልክ አሁን እፈታዋለሁ።»

ሚስትየዋ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። ወንድሙ አሰበበት። ኮቱን ከአጥሩ አወረደ፣ አራገፈው፣ ለበሰው፣ ከስፒከሮቹ ጎን ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ስንመለስ ትፈታዋለህ» አለ። «እንዳለ ካወቅሁ ይበቃኛል። በይ፣ አንቺ፣ ንጂው።»