መብራት ሲመጣ የሚነሳ ሙቀት

ሞረኒኬን የሚወድ ሰው አላውቅም። ከአፏ ደግ ቃል አይወጣም፤ ሰላምታዋ እንኳ ወቀሳ ይመስላል። ኢባዳን ውስጥ አንዲት ትንሽ የትራንስፎርመር ፋብሪካ አብረን እንሠራ ነበር፤ እኔ ሽቦ እጠመጥማለሁ፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ገና ያልተሠራውን ትራንስፎርመር በሶፍትዌር ታሞቀዋለች። ሽቦው የሚያወጣውን ሙቀት ታስገባለች፣ ኮምፒውተሩ ሽቦው የተነከረበት ዘይት ምን ያህል እንደሚግል ይነግራታል። እንጀራዋ ይኸው ነበር።

ጠቡ የተነሳው ለእኛው ሰፈር ገበያ አንድ ትራንስፎርመር በታዘዘ ጊዜ ነው። አለቃችን ኢንጂነር አዴጎኬ ትንሹ ዓይነት ይበቃል ብሎ ቃል ገብቷል። ሰውየው በር ዘግቶ መጮህ አያውቅምና ሁላችንም ሰማን።

«ለሙቀቱ አንድ ቁጥር አስገቢ! የቀኑን አማካይ! ምን ታካብጃለሽ?»

«ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ነው እንዴ ጌታዬ? እኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል። ሲሄድ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚያጠፋ የለም፤ መምጣቱ በምን ይታወቃል? ሲመጣ ፍሪዘሩ፣ ካውያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የበርበሬ ወፍጮው ባንዴ ይነሳል። ሙቀቱን ከነሰዓቱ ነው ያስገባሁት። ይዩት፣ ዘይቱ ከልክ ያልፋል።»

«ይሄን ከየትኛው መጽሐፍ አመጣሽው?»

«ከቤቴ።»

«ከቤቷ!» አለ ወደ እኛ ዞሮ። «ነገ ደግሞ ፊዚክስ ከጓዳዋ ታመጣልናለች።» ያ ሁሉ አጎብዳጅ ሳቀ። «አማካዩ ልክ ነው። ፈርሚ!»

«ግማሽ ቀን ጾመው ግማሹን ቀን ሁለት ድስት ቢበሉም አማካዩ ልክ ነው፤ ሆድዎ ግን ይፈነዳል። አልፈርምም።»

ራሱ ፈረመ፤ እሷን አባረራት። ትራንስፎርመሩ ገበያው መሃል ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፣ ሴቶቹም ጥላ አገኘን ብለው ከሥሩ ጠረጴዛቸውን ዘረጉ። ከሁሉ ፊት የተቀመጠችው የሞረኒኬ አማት ናት፤ በልጇ ስም ኢያ ሙኒሩ፣ የሙኒሩ እናት፣ እንላታለን፤ ያም ከሚባል ሥራሥር የተፈጨ ዱቄት ትሸጣለች። አማትና ምራት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እሳትና ጭድ ናቸው። አሮጊቷ «ልጄን የነጠቀችኝ» ሳትል ስሟን ጠርታ አታውቅም።

ሞረኒኬ መጥታ በወጉ መሠረት ከፊቷ ተንበረከከች። አሮጊቷ ተነሺ አላለቻትም።

«ማማ፣ ከዚህ ይነሱ። ይሄ ነገር አንድ ቀን ይፈነዳል።»

«አፍሽን በዱቄት ባልሞላው! ከልጄ ቤት አስነሳሽኝ፣ አሁን ደግሞ ከገበያዬ? ሟርተኛ!»

«እዚያ ማዶ ይቀመጡ ነው ያልኩት።»

«አንቺ ማዶ ሂጂ! ባይሆን ወንዝ ማዶ!»

ደንበኞቹ ሳቁ። ሌላ ሰው ቢሆን የራስሽ ጉዳይ ብሎ ይሄድ ነበር። ሞረኒኬ ግን በማግስቱ በርጩማ ይዛ መጣችና ከአማቷ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ አለች። አትሸጥ፣ አትገዛ፣ ዝም ብላ አሮጊቷን ታያለች። ከማስጠንቀቂያ ይልቅ ጥላቻ እንደሚሠራ ገብቷታል።

«ምን ሆነሽ ነው የምታፈጪብኝ?»

«ቦታው ደስ ብሎኝ ነው፣ ማማ። ዕድሜ ልኬን እዚሁ አጠገብዎ ልቀመጥ ነው።»

አሮጊቷ አንድ ሳምንት ቻለች። ከዚያ እያጉረመረመች ጠረጴዛዋን ተሸክማ መንገዱን ተሻገረች። ሞረኒኬም እሷ ከሌለች አሮጊቷ እንደምትመለስ ስለምታውቅ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።

የምትነሳው መብራት ሲመጣ ብቻ ነው። ሕፃን አዋቂው «መብራት መጣ!» ብሎ ሲጮህ እሷ ዱላ አንስታ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ታባርራለች። እኔንም አባራኛለች።

«ምን ነክቶሻል? ሰላም ነው እኮ!» አልኳት።

«ዘይቱ ወዲያው አይግልም፤ እየቆየ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ውስጡ ትንሽ ትንሽ ይበስላል። ሂጂ!»

«አበደች» አልን። ድንጋይ የወረወረባትም አለ።

አንድ ቅዳሜ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ከረመና መጣ። ገበያው ጮኸ፣ ወፍጮዎቹ ተነሱ፣ ሞረኒኬም እንደ ልማዷ ሰው ማባረር ጀመረች። ሰዉ እየተራገመ ተነሳላት። ከቆይታ በኋላ ትራንስፎርመሩ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሆዱ ተቀደደና የሚነደው ዘይት በባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ወረደ። የኢያ ሙኒሩ የድሮ ቦታ ከሰል ሆነ። ሰው ግን አንድም አልተነካም።

ምስጋና የጠበቀ ካለ የኛን ሰፈር አያውቅም።

«እሷ ናት!» ብላ ጮኸች ኢያ ሙኒሩ ከማዶ። «የሚነድበትን ሰዓት የምታውቅ ያነደደችው ናት! ጠንቋይ! ቡዳ!» ገበያተኛው ሁሉ ተቀበላት። ኢንጂነር አዴጎኬም በበኩሉ ጥፋተኛው መብራት የሰረቀው ሕዝብ ነው አለ።

ሞረኒኬ መንገዱን ተሻገረች። ጥቀርሻ የለበሰ ጉልበቷን አጥፋ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች።

«እንኳን ለመሳደብ አበቃዎት፣ ማማ» አለቻት።

አሮጊቷ ተፋችባት። ተነሺም አላለቻት።

በወሩ ያንኑ ትንሹን ዓይነት መልሰው ሰቀሉ። የጠረጴዛቸውን መንደድ የረሱት ሴቶች ጥላው ሥር ጠረጴዛ መዘርጋት ሲጀምሩ፣ ኢያ ሙኒሩም የራሷን አንስታ መንገዱን ልትሻገር ተነሳች። ቀና ስትል ሞረኒኬን ማዶ እዚያው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አየቻት፤ ጠረጴዛውንም ያነሳችበት መለሰችው።