ሳያማት የመጣችው

በዓይን ክሊኒኩ መጠበቂያ ወንበር ላይ፣ ዓይናቸው ከጠፋው አባቷ ጎን ተቀምጣለች። የቀኝ ጫማዋ ተረከዝ ከግራው ይበልጥ አልቋል፤ አባቷ የሚደገፏት በዚያ በኩል ነው። በየመሃሉ አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ ከዚያ ሌላውን ሸፍና ደግማ ታያለች።

«የትኛው ነው ያመመሽ፣ እህቴ?» አለቻት ነርሷ።

«አንዱም። ሳያመኝ ነው የመጣሁት። በዘራችን የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ይላቀቃል። የእኔ ሳይላቀቅ ዳር ዳሩን በሌዘር ሊያጣብቁልኝ ነው።»

«እኔን ያየ ይቀጣ» አሉ አባቷ። «ጥላ ሲጋርደኝ ድካም ነው ብዬ ተኛሁበት።»

ተራዋ ደረሰ። «ግቢ በይ» አሉና ክንዷን ለቀቁት።

በሩ ላይ ወደ ኋላ ዞር ብላ እንደ ልማዷ ዓይኖቿን ተራ በተራ ሸፈነች። በሁለቱም ያየችው አባቷን ነበር።