ማናዋን የመታው ንስር

ሂኔኩራ ካባ ሰፊ ነበረች። ከባሕሩ ዳር ተድራ በደሴቲቱ መሀል ወዳለው ሸለቆ ስትመጣ ባዶ እጇን ነበር ማለት ይቻላል፤ ስፌቷ ግን ውሃ ስለማያስገባ ሰው ቶሎ ወደዳት።

የዚያን ዓመት ብርዱ ሲበረታ ለባሏ ለማናዋ የሞአ ቆዳ ለምና አገኘች። ሞአ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ መብረር የማይችል ወፍ ነው፤ ሰውም፣ ፖዋካይ የሚሉት ግዙፍ ንስርም እያደኑት ቁጥሩ ሳስቶ ነበር። እንደ ደንቡ ዝናቡ እንዲንሸራተት ላባውን ወደ ውጭ አድርጋ ሰፋችው።

ማናዋ ካባውን ለብሶ ሜዳ ላይ አጎንብሶ ስራስር ሲቆፍር፣ ፖዋካይ ከገደሉ ተወርውሮ ጀርባውን ቦጨቀው።

"ምን አጥፍተህ ነው?" አሉት እናቱ እማማ ፓኒ፣ ቁስሉን እየጠረጉ። "የተከለከለ ቦታ ረግጠሃል።"

"ኧረ እማዬ፣ ምንም አልረገጥኩም!"

"ታዲያ ወፉ ዝም ብሎ ተጣላህ?"

"ካባዬ አምሮት ይሆናላ።"

"ሳቅ አንተ! ጀርባህ ተተልትሎ።"

ሂኔኩራ አልሳቀችም። ካልቆፈረ አይበሉም፤ ካባውን ከተወ ብርዱ ይጨርሰዋል፤ ከወጣ ደግሞ ያ ወፍ አለ። ከማናዋ ጋር በቃጫ ካባ የቆፈሩትን ግን ወፉ ዞር ብሎም አላያቸው። ባሏ ምን በደለ? ወይስ ጥፋቱ የእሷ ነው?

ቁስሉ ጠግጎ ሊወጣ ሲነሳ ካባውን ነጥቃ ለበሰችው።

"ዛሬ እኔ እቆፍራለሁ።"

"አብደሻል? አምጪ!"

"አንተ ዱላ ይዘህ ወደ ላይ እይልኝ።"

ጎንበስ ከማለቷ ጥላ አረፈባት። "ተነሽ!" ብሎ ጮኸ ማናዋ። ቀጥ ብላ ቆመች። ወፉ አናቷ ላይ ሊደርስ ሲል ክንፉን ዘርግቶ ታጠፈና ድንጋይ ላይ አረፈ። አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያዘነበለ ያያት ጀመር።

"እሱም ግራ ገብቶታል" አለች።

"ምን አድርገነው ነው ግን?"

"እኔ ምን አውቄ።" የወፉ ዓይን ከላባው እንዳልተነቀለ ስታይ ግን ካባውን አውልቃ ገለበጠችውና ላባውን ወደ ውስጥ አድርጋ ማናዋን አለበሰችው።

"እንዲህማ ዝናብ ያስገባል።"

"ያስገባ! በል ቆፍር።"

ማናዋ እየፈራ አጎነበሰ። እሷ ዱላውን ይዛ ዓይኗን ከወፉ ሳትነቅል ቆመች። ወፉ ሲያያቸው ቆየና፣ የፈለገውን እንዳጣ ሁሉ፣ ከብዶት ተነስቶ ሞአ የሌለበትን ባዶ ሜዳ እያሰሰ ሄደ። ያባረረው የካባው መገልበጥ ይሁን የእሷ መቆም አልገባትም። ሆዱ ባዶ እንደሆነ ግን ታወቃት፤ አሳዘናትም።