በሁዳዴ የተቀዳ ደም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። አንተ የማታውቀኝ አንባቢ፣ አንተ ስማኝ። ፊቴን ስለማታየው ነው የደፈርሁ።

እትዬ ይታይሽ አምበር ከተማ ላይ ያሳደጉኝ የአጎቴ ሚስት ናቸው። እኔ ደብረ ማርቆስ ለሁለተኛ ዲግሪዬ እማር ነበር፤ ሥራዬም ኮምፒውተር በደም ውስጥ ያለውን የጂንና የፕሮቲን መረጃ አንብቦ ካንሰርን ገና ሳይታወቅ እንዲለይ ማስተማር ነው። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሴቶች ደም አስፈለገኝና እሳቸውንም ለመንሁ። «ለአንተ ትምህርት ከሆነማ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር።

ኮምፒውተሩ የእሳቸውን ደም ከካንሰር ታማሚዎቹ ጋር መደበው። እኔ ምን አልሁ? ጾም ነው አልሁ። እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰው ደም ቢዛባ ምን ይገርማል? የአምበር እናት ሁዳዴን እንደማትገድፍ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል! ጾመው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። መመረቂያዬ ደርሶ ነበር፤ ውጤቴን እንዳያበላሽብኝ የእሳቸውን ከመረጃው አውጥቼ ጣልሁት። እኔ ነኝ የጣልሁት፣ ማንም አላዘዘኝም።

«ደሜ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ምንም የለብዎትም። ትንሽ የተዛባ ነገር አለ፣ እሱም ጾሙ ነው» አልኋቸው። ዝም አሉ። እኔ ደስ ብሏቸው መሰለኝ። ለማንኛውም ይታዩ ብዬ ሐኪም ቤት ብወስዳቸው ምን ነበረበት? ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ቢሆን የምከስረው አንድ ከሰዓት ነበር።

ተመረቅሁ። እልል ያሉልኝ እሳቸው ናቸው።

በዓመቱ ጡታቸው ቆስሎ ወደ ሆስፒታል አመጣናቸው። ሐኪሙ አይቶ «ምነው እስካሁን?» አለ።

ከመሞታቸው በፊት፣ ጠያቂው ወጣ ሲል እጄን ያዙኝ። «አንተ ልጅ፣ ለሰው ያልነገርሁት አለኝ። ያን ጊዜ ጾሙ ነው ስትለኝ አፍሬ ዝም አልሁ እንጂ አልጾምሁም። ጉልበቴ ከዳኝና ተደብቄ ወተት ጠጣሁ። ይኸው እግዜር በጡቴ መጣብኝ።»

ወይ እኔ! ጉልበታቸውን የበላው በሽታው ነበራ! «እትዬ፣ የእግዜር ቅጣት አይደለም፤ ያኔም ታመው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ነገረኝ፣ እኔ ጣልሁት» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥሁት። ምን እንዳልኋቸው ታውቃለህ? «እግዜር ይቅር ባይ ነው» አልኋቸው። እሳቸው ለእኔ ተናዘዙ፤ እኔ ደግሞ ሌባው፣ ተቀምጬ አጽናናኋቸው!

ያቺን ወተት ኃጢአቴ ብለው ይዘዋት ሄዱ። ሕይወታቸውን ማትረፍ ይቻል እንደነበር አላውቅም፤ ይህችን ግን በአንድ ቃል ላወርድላቸው እችል ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንደበደልኋቸው ሳያውቁ መርቀውኝ ሞቱ።