ዳማ ወደ ሦስተኛ መጋዘን ስትዛወር

ሥራ የገባሁት ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ነው። ክረምት ይባላል እንጂ የአሰብ ክረምት እሳት ነው! የስንዴው መጋዘን ኃላፊ ጋሼ በየነ መጥረጊያና የሰርዲን ጣሳ አስያዙኝና፣ «ትጠርጊያለሽ፤ ከዚያ ድመቶቹን ታበያለሽ። ከጠገቡ አያድኑም፣ ከራባቸው ይጠፋሉ። መካከሉን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። የት አውቄ! ግን «እሺ!» አልኩ። ደስ ብሎኛላ!

ድመቶቹ ሻሺና ዳማ ናቸው፤ እህትማማቾች። አንድ ጆንያ ላይ ተቃቅፈው ይተኛሉ። አይጥ እንኳ የሚይዙት ተጋግዘው ነው፤ ሻሺ ታባርራለች፣ ዳማ በር ላይ ትቀበላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛው መጋዘን አይጥ በዛበት። ጋሼ በየነ ቀልደኛ ናቸው፤ ወረቀት በታይፕ አስመቱና ማኅተም አሳረፉበት፦ «ዳማ ለሥራው ጥቅም ሲባል ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሦስተኛ መጋዘን ተዛውራለች።» ሳቅ ገደለኝ። በካርቶን ተሸክሜ አደረስኳት።

ከዚያ ወዲያ ሳቅ የለም። ዳማ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ሻሺ በር ላይ ተቀምጣ ትጮኻለች። አሳዘኑኝና ዳማን ለጉብኝት አመጣኋት፤ ተላላሱ፣ ተንከባለሉ። ስመልሳት ግን ጩኸቱ ባሰ።

ጋሼ በየነ፣ «እስከ ቅዳሜ ካልበላች ለካሚዮን ሾፌር እሰጣታለሁ፤ አዲስ አበባ ሄዳ ታኩርፍ!» አሉ። አዲስ አበባ! ዳግመኛ ላላያት!

ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በጀልባ ዓሣ ለሚያመጡት ለእትዬ ሐሊማ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ድመት እህቷን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። እሷን ማመላለስ ተይና የተኙበትን ጆንያ አለዋውጪ።»

በረርኩ! ግን ዕለቱ ሐሙስ፣ የጽዳት ዘመቻ ነበር። ቆሻሻ ይዤ ስገባ እንዳልገሠጽ ብዬ የሻሺን ጆንያ በሳሙና አሽቼ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ለዳማ አነጠፍኩላት። ዳማ አሸተተችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እትዬ ሐሊማ ሆዳቸውን ይዘው፣ «ወላሂ፣ እህቷን አጥበሽ ጨረስሻት!» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ሻሺ ያደረችበትን ሌላ ጆንያ፣ ፀጉሩን ሳላራግፍ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ በየነ በር ላይ ያዙኝ።

«ይሄ ምንድን ነው? ዘመቻው ትናንት አይደል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው!»

«ከማን?»

«ከሻሺ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «ማኅተም አለው?»

በሰርዲን ዘይት የታተመውን የእግሯን ዳና አሳየኋቸው።

«እለፊ!»

ዳማ አሸተተች። ዞረችው። ፊቷን ቀብራ ተጋደመች። ከዚያ ተነስታ ጣሳውን ጠራርጋ በላች! ጩኸቴን ለቀቅኩት፤ ተሸካሚዎቹ ሰው የወደቀ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። የዳማን ጆንያ ለሻሺ ወሰድኩላት፤ እሷም ዝም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዳማ የገደለችውን አይጥ በር ላይ አጋድማ ጠበቀችን። ጋሼ በየነ የዝውውር ወረቀቱን አወጡና በእስክሪብቶ «ሥራ ጀምራለች» ብለው ጻፉበት።

ይህን ሥራ ለምትረከቡ፦ ጆንያዎቹን በየጠዋቱ አለዋውጡ። አትጠቧቸው።