የሻጭ ፊት

«ፎቶው አይቆረጥም ብለውኛል ብዬህ ነበር» አልኩት።

«ስልክ ላይ ሙሉው አይገባም። ግራና ቀኙን ካልቆረጥኩ ሴትዮዋ ጉንዳን ነው የምታክለው።»

«ጉንዳን ታክል።»

«አሁን ደግሞ ጉንዳን አማረው» አለ ጓደኛዬ፣ ለግድግዳው የሚነግር ይመስል።

ክፍሌ ወንበር የለውም፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጓል። ከውጭ ባጃጆች ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ ይሰማል። ድረ ገጹን የሠራው እሱ ነው፤ ግጥሞቹ የኔ ናቸው። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አይከፍለንም። ክረምቱን ሙሉ ደክመንበት፣ በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ለሚያውቁን ሁሉ ልንልከው ተስማምተን ነበር። ያጣላን መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ነው። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት በሰንበቴ የከብት ገበያ የላም ገመድ ይዛ ቆማለች።

ስለ ፎቶ ስንጨቃጨቅ የመጀመሪያችን አልነበረም። በፊት ጓደኛዬ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን እንውሰድ ባይ ነበር። «ከሚሴ ድረስ መጥቶ የሚከስህ ማነው? ግጥምህን ቢሰርቁህ ደስ ይልሃል ወይ ብለህ ደግሞ አትጠይቀኝ፤ ማንም አይሰርቅህም» ይለኛል። ይቺ አነጋገሩ ታንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን የሚሰረቅ ነገር እጽፋለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው፣ ዛሬ የሰው ዕቃ ይዞ መነሳት የለበትም ብዬ አስብ ነበር።

ስለዚህ ባለቤቶቻቸው «ስማችንን ጻፉ እንጂ ውሰዱ» ብለው ያስቀመጧቸውን ምስሎች ፈለግን። ላም ብለን ጻፍን። አንገቷ ላይ ደወል የታሰረላት፣ ከኋላዋ በረዶ የለበሰ ተራራ ያለ፣ የጠገበች ነጭ ላም መጣችልን።

«ይኸው፣ ሕጋዊ ላም» አለ።

ሳቅን። ግን እሷ የኛን የጨፋ ሜዳ ሣር በምን ታውቀዋለች? ግጥሜ በበጋ ስለምትሸጥ ላም ነው። ደግሞም የጻፍኩት አንድ ፎቶ አይቼ ነበር። የከተማችን ፎቶ አንሺ ቴሌግራም ላይ ያወጡት ነው፤ ስልኬ ላይ ዳር ዳሩ ተቆርጦ መሃሉ ብቻ ነበር የታየኝ፦ ሴትዮዋና የላሟ ቀንድ። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፣ ከንፈሯን ገጥማለች። የመጨረሻ ላሟን የምታጣ የተራበች ሴት ናት አልኩ። ግጥሙን ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ፎቶ አንሺው መንገድ ዳር ስቱዲዮ አላቸው። ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ይህን ፎቶ ገጼ ላይ ላወጣው ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ሌላው ወስዶ ካበቃ በኋላ ነው ሰላም የሚለኝ። አንተ ምን ነካህ?»

ፈቀዱልኝ። ስሜን ከሥሩ ጻፍ፣ ምንም ነገር እንዳትሸጥበት፣ እንዳትቆርጠው አሉኝ። ኋላ እንዳልረሳ በስልክም ጽፈው ላኩልኝ። ልወጣ ስል ግን መለሱኝ።

«እኔ የፈቀድኩት ፎቶውን ነው። ፊቱ የሷ ነው። ቴሌግራም ላይ ሳወጣው ነግሬያታለሁ፤ ግጥም ይጻፍብሻል ግን አላልኳትም። በገበያ ቀን ሰንበቴ አታጣትም።»

በበጋ ከቆላ ወደ ጨፋ የሚመጡ አርብቶ አደሮች ትዝ አሉኝ። ሣሩ አጥር የለውም፤ ቢሆንም ከብቶቻቸውን ከማስገባታቸው በፊት ሽማግሌ ልከው ያስጠይቃሉ። ሣሩን የሰጠ ሰው ደግሞ ውሃውን ሰጠ ማለት አይደለም፤ የውሃው ሰዎች ለብቻ ይጠየቃሉ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ለፎቶም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰንበቴ ሄድኩ። ሴትዮዋን ከብት ተራ አገኘኋት፤ የያዘችው ወይፈን ነበር። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ፎቶውን ሳሳያት ፊቷ በራ። «ያቺ ላም» አለች።

ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት።

«የተራበችው ማናት?» አለች ስጨርስ።

«ፊትዎን አይቼ ነው» አልኳት።

«ወላሂ፣ ያን ቀን ጠግቤ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ደላላው በጆሮዬ የነገረኝ ዋጋ ካሰብኩት በላይ ሆነብኝ። ሻጭ ጥርሱን ካሳየ ደግሞ ገዢው ይነቃል። ሳቄን ነው የያዝኩት፣ ልጄ።»

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። በየገመዱ ጫፍ ያ ፊት ቆሟል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፣ ሁሉም ከንፈሩን ገጥሟል፤ ላሙን ሳይሆን እናቱን የሚሸጥ ነው የሚመስለው። እዚህ ገበያ አባቴን ተከትዬ ስመላለስ ነው ያደግኩት። አባቴም ይህን ፊት ነበረው፤ ቤት ስንገባ ነበር የሚጥለው።

ሴትዮዋ ስልኬን መለሰችልኝ። «ልጄን ሊያጯት ሽማግሌ ልከዋል። የወንዱ ልጅ ዘመዶች ስልክ አላቸው። እናቷ ርቧት ላሟን ሸጠች ሲባል ልስማ? ፊቴን ከፈለግህ ውሰደው፤ ይህን ቃል ግን አጠገቡ አታቁምብኝ። ቃልህን ከወደድክ ደግሞ ፊቴን ተወው።»

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ፎቶውን ቆርጦ፣ ከግጥሙ በላይ ሰቅሎ ጠበቀኝ።

«ሰውዬው ፈቅደዋል አይደል?» አለኝ። «ሕጉ የሚለው ይህን ነው። ሕግ ሕግ ስትለኝ ከርመህ፣ ሕጉ እሺ ሲልህ አሁን አንተ እምቢ ትላለህ።»

«ሳይቆረጥ ነው የፈቀዱት።»

«እሺ፣ ሙሉውን አወጣዋለሁ። ከዚያስ?»

«ሙሉው ላይ ደላላው የገዢውን እጅ ይዟል፣ ከኋላ የሚስቅ ሰው አለ። ግጥሙ ውሸት ይሆናል።»

«ግጥም ደግሞ መቼ ነው ምሎ የመሰከረው?»

ደህና አድርጎ መለሰልኝ።

«ልጇን ሊያጩ ነው» አልኩት በመጨረሻ።

«ሌላ ግጥም ጻፍበት። ስለ ሳቋ ጻፍ።»

«እስከ ነገ አይመጣልኝም።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። ርዕሶቹ፣ መስመሮቹ፣ ዳር ዳሩ ሁሉ ቢጫ ነው። «ቀለሙን ከሻሿ ነው የወሰድኩት» አለ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገጹን ሁሉ በሷ ነው የሠራሁት። ፎቶው ከወጣ ይህ ሁሉ ምንድነው?»

ለሱ ፎቶው ጌጥ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እኔ በፊቷ ግጥም ስጽፍ፣ እሱ በሻሿ ቤት እየሠራ ነበር።

በስልኬ ወደ ገጹ ገባሁና ፎቶውን አጠፋሁት። እሱ ላፕቶፑ ላይ ገጹን እንደገና ከፈተው። ከላይ ባዶ ቢጫ፣ ከሥሩ ግጥሙ ብቻውን። አነበብኩት። ሁለት ስንኝ በእግሩ ይቆማል፤ የቀረው ፊቷን ተደግፎ ኖሯል።

«ነገ ሰው ሲከፍተው ምን ሊያይ ነው?» አለኝ።

«ቢጫ።»

አልሳቀም። ላፕቶፑን ዘጋ፣ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ገመዱን እጁ ላይ ቀስ ብሎ ጠመጠመ፣ ጫማውን አደረገ። የክፍሌ በር ቆርቆሮ ነው፤ ወደ ላይ ካላነሱት አይገጥምም፣ ስለዚህ ሲሄድ ሁልጊዜ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ያን ቀን ወጣ፣ ዞረ፣ በሁለት እጁ አነሳና ዘጋው።