«ጥሩ» የሚለው ቁልፍ

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት። ዓመታት ቢያልፉም ያቺን ሰዓት የማልረሳት፣ በአንድ ቃል ምክንያት የሰው በሬ ለውሃ ስለሰጠሁ ነው።

ተመርቄ በግብርና ባለሙያነት ወረታ ከተመደብኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። የፎገራ ሜዳ በክረምት ውሃ ይውጠዋል። ስለዚህ ሰውና ከብት የሚያልፍበትን የውሃ መሻገሪያ ሁኔታ የአካባቢው ሰው ራሱ የሚያሳውቅበት መሣሪያ ሠራሁ። ሲም ካርድና ሁለት ቁልፎች ያሉት ትንሽ ሳጥን ነው። በአረንጓዴው ላይ «ጥሩ»፣ በቀዩ ላይ «መጥፎ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱን ሲጫኑት መልእክቱ ስልኬ ላይ ይገባል። ሳጥኑን ቁሐር ሚካኤል፣ መሻገሪያው አጠገብ፣ እትዬ አዝመራ የሚባሉ ሩዝ አምራች ግቢ ሰቀልነው፤ በየጠዋቱ ውሃውን አይተው የሚጫኑትም እሳቸው ናቸው። በገበሬዎቹ የአንድ ለአምስት ቡድን ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ሁሉም አጨበጨበ። ቃላቱን ግን ቢሮ ተቀምጬ ብቻዬን ነበር የመረጥኳቸው። ሰው መጠየቅ አፍራለሁ።

የዚያን ዕለት አያ ደሴ የሚባሉ የቁሐር ገበሬ በዋዜማው ያመጡትን የታመመ በሬያቸውን ወረታ አሳክመው ሲመለሱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እስቲ ያን ሳጥንሽን ጠይቂልኝ። ውሃው ያሳልፋል?»

ስልኬን አየሁ። «ጥሩ» ይላል። ሌሊቱን ግን ሲዘንብ ነው ያደረው። ደውዬ ላረጋግጥ አሰብኩና፣ በስልክ ማውራት ስለሚጨንቀኝ ተውኩት።

«ጥሩ ነው ይላል። ይሂዱ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ከሰመጥን አንቺን ነው የምንጠይቅ!» ብለው እየሳቁ በሬውን ነዱ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ደረሰኝ። መሀል ላይ ውሃው በሬውን ወሰደው። እሳቸውን በታንኳ ያወጣቸው ሰው የበሬውን ገመድ ከእጃቸው ለማላቀቅ ታግሏል። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ የሚያርሱበት ያ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው።

ያን ጊዜ እትዬ አዝመራ ዘንድ ደወልኩ። ለምን «ጥሩ»ን ተጫኑት?

«ታዲያ ምን ልጫን? ሩዜ ጠጥቶ አደረ! ለሩዝ ከዚህ የተሻለ ውሃ አለ እንዴ?» አሉኝ በደስታ። የአያ ደሴን በሬ ውሃ እንደወሰደው ስነግራቸው ድምፃቸው ወረደ። «ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ?»

«እርስዎ አላጠፉም» አልኩ።

ዛሬም ሰው «ጥሩ ነው» ሲለኝ፣ ለማን ይሆን እላለሁ።

በማግስቱ ማለዳ በታንኳ ሄጄ ሁለቱን ቃላት በቢላ ፋቅኳቸው። እትዬ አዝመራ እጃቸውን መጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ፤ በአረንጓዴው ላይ «እስከ ጉልበት»፣ በቀዩ ላይ «እስከ ወገብ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አያ ደሴ ቤት ሄድኩ። ባዶ ገመድ ይዘው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ያላየሁትን ውሃ ጥሩ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።